ጋዙ ወጣ፤ ሽታውስ የት ይሄዳል?

ሱሉልታ፣ ከእኛ ቤት ሦስት ግቢ አለፍ ብሎ የወተት ላም የሚያረቡ ሰው አሉ። ሠፈሩ በሙሉ "ጋሼ" ነው የሚላቸው። ስድስት ላም፣ አንድ ተናካሽ ውሻና ከእበት የማብሰያ ጋዝ የሚያወጣ፣ መሬት ውስጥ የተቀበረ የባዮጋዝ ጉድጓድ አላቸው። መስከረም መጨረሻ ላይ ወተት ልወስድ ስሄድ ምድጃቸውን ፈታተው ማዳበሪያ ላይ ዘርግተውት አገኘኋቸው።

እሳቱ የሚወጣባቸው ቀዳዳዎች ያሉበት ክብ ብረት ግማሹ ተበልቷል። ጋሼ በምስማር ነካ ሲያደርጉት ጥቁር ቅርፊቱ እንደ ደረቀ ቂጣ ተፈረፈረ። የጋዝ መክፈቻዋም ጠቁራ አልዞርም ብላለች።

"ገና ሁለት ዓመቱ እኮ ነው" አሉኝ። "የገጠሙልኝ ልጆች አሥር ዓመት አይነካውም ብለውኝ ነበር።"

"ውሃ ገብቶበት ይሆን ጋሼ?"

"ውሃማ አይሸትም። እስቲ አሽትተው።"

አሸተትኩት። የተበላሸ እንቁላል።

ቤት ውስጥ ቴሌቪዥኑ ክፍት ነው። የሚያወራው ስለ ካሉብ ጋዝ ነበር። በዚያው ሰሞን፣ መስከረም 22 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ሶማሌ ክልል ውስጥ የካሉብ ፕሮጀክት የመጀመሪያ ምዕራፍ ተመርቋል። በዓመት 111 ሚሊዮን ሊትር ፈሳሽ ጋዝ ያመርታል ተብሏል። ጋሼ ጆሯቸውን ወደ ዜናው ጣል አድርገው፣ እጃቸውን ከብረቱ ሳያነሱ፣ "ያኛውስ ይሸታል?" ብለው ጠየቁኝ።

እኔ ስለ ሊትሩ ሰምቻለሁ። ስለ ዶላሩም፣ ስለ ቦቴውም ሰምቻለሁ። ስለ ሽታው ሲወራ ግን አልሰማሁም። የጋዝ ሥራ ዋናው ጣጣ ደግሞ ያለው እዚያው ሽታው ጋ ነው። ጋዝ ማግኘት አንድ ነገር ነው። ካሉብና ሂላላ የሚባሉት የጋዝ መስኮች ከተገኙ እኮ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፏቸዋል። የወጣውን ጋዝ ብረት የማይበላ፣ ሰው የማይገድል፣ ሲቀዘቅዝ ቧንቧ የማይደፍን ማድረግ ደግሞ ሌላ ሙያ ነው። የሚገርመው፣ የዚህ ሙያ ሀሁ ጋሼ ጓሮ ውስጥ ይገኛል።

ከመሬት በታችም ይምጣ ከእበት፣ እኛ የምንፈልገው ሚቴንን ነው። የሚነደው እሱ ነው። ከሚቴኑ ጋር ግን ያልተጠሩ እንግዶች ይመጣሉ። አንዱ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። አይነድም፤ ቦታ ይይዛል። ከእበት በሚወጣ ጋዝ ውስጥ ከ100 እጅ 40 እጅ ድረስ የሚሆነው እሱ ነው። ሁለተኛው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ይባላል። የድኝና የሃይድሮጅን ውሁድ ነው። እንቁላል እንቁላል የሚሸተው እሱ ነው። መጠኑ ትንሽ ነው፤ ክፋቱ ግን መጠኑን አይመስልም።

ሁለቱ አንድ ላይ "አሲድ ጋዝ" ይባላሉ። ምክንያቱ ቀላል ነው። ውሃ ሲያገኙ ይሟሙና ውሃውን አሲድ ያደርጉታል። ጋዝ ደግሞ ከጉድጓድ ሲወጣ ደርቆ አይወጣም፤ እርጥበት አለው። ስለዚህ ቧንቧው ውስጥ ሌት ተቀን ደካማ አሲድ ይንጠባጠባል ማለት ነው። የጋሼን ምድጃ የበላው ይኸው ነው። የነዳጅ ሰዎች ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የበዛበትን ጋዝ "ኮምጣጣ"፣ የሌለበትን "ጣፋጭ" ይሉታል። ድሮ ቀምሰውት ይሆን እያልኩ አስባለሁ። ከቀመሱት ያወራልን ባልተገኘ።

ይህን የምለው ለቀልድ አይደለም። ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ተንኮለኛ መርዝ ነው። አፍንጫችን ከአንድ ሚሊዮን እጅ አየር ውስጥ አንድ እጅ እንኳ ሳይሞላ ያውቀዋል። ከሚሊዮኑ 100 እጅ ገደማ ሲደርስ ግን አፍንጫ ይደነዝዛል። ሰውየው "እፎይ፣ ሽታው ጠፋ" ይላል። ሽታው አልጠፋም፤ ማሽተቻው ነው የጠፋው። ከ500 እስከ 700 ሲደርስ በደቂቃዎች ውስጥ ራስ ያስታል። ከ1,000 በላይ ከሆነ አንድ ሁለት ትንፋሽ ይበቃዋል። ከአየር ስለሚከብድ ጉድጓድ ውስጥ ይተኛል። መጸዳጃ ጉድጓድ ሊያጸዳ የገባ ሰው ሲወድቅ፣ ሊያወጣው የገባውም ተከትሎት ሲወድቅ ሰምታችሁ ታውቁ ይሆናል። የእበት ጋዝ ውስጥ ያለው መጠን ከ1,000 ማለፉ ብርቅ አይደለም። ጋሼን "ጉድጓዱ ተበላሸ ብለው ውስጡ እንዳይገቡ" ስላቸው ሳቁብኝ። ሁለተኛ ስላቸው ግን አልሳቁም።

ትልቁም ፋብሪካ ቢሆን ከዚህ አያመልጥም። ሜክሲኮ ውስጥ ፖዛ ሪካ የምትባል ከተማ አለች። እ.ኤ.አ. በ1950 ኅዳር ወር፣ ሊነጋጋ ሲል፣ እዚያ ያለ የጋዝ ማጽጃ ፋብሪካ ተበላሸ። ከጋዙ ተለይቶ የወጣው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ለግማሽ ሰዓት ላልሞላ ጊዜ አጠገቡ ወዳለው ሠፈር ፈሰሰ። 22 ሰው ሞተ። ሆስፒታል የገባው 320 ነው። ልብ በሉ፣ አደጋውን ያመጣው መርዙን ለማውጣት የተሠራው ፋብሪካ ራሱ ነው። መርዝ ከጋዝ ሲወጣ አይጠፋም፤ አንድ ቦታ ይከማቻል። ቀድሞ ተበትኖ የነበረው አሁን በአንድ ቧንቧ ውስጥ፣ ተጠራቅሞ፣ ከሰው ጎረቤት ይቀመጣል።

ብረቱንስ? ካስፒያን ባሕር ላይ ካሻጋን የሚባል የካዛኪስታን ትልቅ የነዳጅ መስክ አለ። ከነዳጁ ጋር የሚወጣው ጋዝ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ከ100 እጅ 15 እጅ በላይ ነው። ብዙ ቢሊዮን ዶላር ፈሶበት እ.ኤ.አ. መስከረም 2013 ማምረት ጀመረ። በሳምንታት ውስጥ ቧንቧው ተሰነጣጥቆ ጋዝ ማፍሰስ ጀመረና ቆመ። ነገሩ እንደ ጋሼ ምድጃ ዝገት አልነበረም። ድኙ ብረቱን ሲያገኘው ሃይድሮጅኑ ተለይቶ ብረቱ ውስጥ ይሰርጋል፤ ብረቱም እንደ ብስኩት ተሰባሪ ይሆናል። ላዩን ብታዩት ደህና ነው፤ ከዚያ ቀጭ ይላል። ወደ 200 ኪሎ ሜትር ቧንቧ እንደገና ተዘርግቶ ሥራ የጀመረው በ2016 ነው። ሦስት ዓመት!

እንግዲህ እንዴት ነው የሚጸዳው?

ትልቁን ነገር ለመረዳት አንድ አምቦ ውሃ ክፈቱ። ጠርሙሱ ተከድኖ እያለ አረፋ አይታይም። ጋዙ የለም ማለት አይደለም፤ በግፊት ውሃው ውስጥ ተደብቋል። ክዳኑን ስትከፍቱት ግፊቱ ይለቃል፣ ጋዙም ቱሽ ብሎ ይወጣል። ፀሐይ ላይ ብታስቀምጡት ደግሞ የቀረውም ይወጣና ውሃው ዝም ይላል። በቃ፣ ጋዝ ማጽዳት ይሄው ነው። በቅዝቃዜና በግፊት አስገባው፣ በሙቀትና ግፊት በመልቀቅ አስወጣው። አውሮፓ ውስጥ የእበትና የቆሻሻ ጋዝን ለመኪና የሚያበቁ ብዙ ፋብሪካዎች ሌላ ነገር ሳይጨምሩ በንጹሕ ውሃ ብቻ ነው ካርቦን ዳይኦክሳይዱን የሚያጥቡት።

ለትልቅ ማጣሪያ ግን ውሃ ብቻውን አቅም የለውም። ስለዚህ ውሃው ውስጥ አሚን የሚባል ነገር ይጨመርበታል። አሚን የአሞኒያ ዘመድ ነው፤ ሲሸት ትንሽ ዓሣ ዓሣ ይላል። ጠባዩ የአሲድ ተቃራኒ ነው። ገበሬ መሬቱ ኮምጥጦ እህል አልሰጥ ሲለው ኖራ ይበትንበታል አይደል? አሚንም ለጋዝ ኖራ ነው። ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። ኖራ አንዴ ከተበተነ አይመለስም፤ በየጥቂት ዓመቱ ሌላ ኖራ መጫን አለ። አሚን አሲዱን የሚይዘው ላላ አድርጎ ነው። ሲሞቅ ይለቀዋል። ከለቀቀው በኋላ ራሱ እንደገና ይሠራል። ይህን ዘዴ ሮበርት ቦተምስ የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1930 የፈጠራ መብት አስመዝግቦበታል። መቶ ዓመት ሊሞላው ነው፤ እስከ ዛሬም የዓለም ጋዝ በአብዛኛው የሚጸዳው በዚሁ ነው።

ፋብሪካውን በዓይነ ሕሊናችሁ ሳሉት። ሁለት ረጃጅም የብረት ማማዎች ጎን ለጎን ቆመዋል። ቆሻሻው ጋዝ በአንደኛው ማማ ከሥር ይገባል። አሚን ያለበት ውሃ ከላይ ይወርዳል። ማማው ውስጥ እንደ ወንፊት የተበሳሱ ሳህኖች አሉ። ጋዙ እየወጣ፣ አሚኑ እየወረደ በእያንዳንዱ ሳህን ላይ ይገናኛሉ። ግፊቱ ከባድ ነው፤ ሙቀቱ ግን ከ40 ዲግሪ ብዙም አይርቅም። ጋዙ ከላይ ጸድቶ ይወጣል። አሲዱን የተሸከመው አሚን ከሥር ይሰበሰብና ወደ ሁለተኛው ማማ ይሄዳል። እዚያ ግፊቱ ይለቀቃል፣ ሙቀቱ ወደ 120 ዲግሪ ይወጣል። አሚኑ ሸክሙን ያራግፋል። ከዚያ ቀዝቅዞ ወደ መጀመሪያው ማማ ይመለሳል። ሌት ተቀን እንዲሁ ሲዞር ይውላል። ወጪው በአብዛኛው ያለው ማሞቂያው ላይ ነው። በሌላ አነጋገር፣ ካወጣኸው ጋዝ ላይ የተወሰነውን እሱኑ ለማጽዳት ታነደዋለህ።

አሚን ሲባል ደግሞ አንድ ዓይነት አይደለም። ኃይለኛው ሁለቱንም ጋዝ ጠራርጎ ይይዛል፤ ግን ለማስለቀቅ ብዙ ሙቀት ይፈልጋል፣ ብረትም ይበላል። ሌላው መራጭ ነው። ሃይድሮጅን ሰልፋይዱን ወዲያው ይይዛል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ግን ቀስ ብሎ ነው። ጊዜ ካልሰጡት መርዙን ይዞ ሌላውን ያሳልፋል። የትኛው ይሻላል የሚለው የሚወሰነው ጋዙን ወዴት ልትወስደው እንዳሰብክ ነው።

በፋብሪካ ውስጥ አሚንን ከሚያስቸግሩት ነገሮች አንዱ አረፋ ነው። ከጋዙ ጋር ትንሽ ዘይት ወይም የዝገት ብናኝ ከገባ ማማው ውስጥ አረፋ ይነሳል። ጠላ ሲገነፍል አይታችኋል? እንደዚያ። አረፋው ሳህኖቹን ይሞላና ያልጸዳው ጋዝ ሾልኮ ያልፋል። የተማረ ሰው የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ማሽኑን መግዛት ይቻላል። አረፋው ሊነሳ ሲል ከግፊት መለኪያው ላይ አንብቦ የሚያውቅ ኦፕሬተር ግን ከነኮንቴይነሩ አይመጣም።

ወደ ካሉብ ልመለስ። የጋሼ ጥያቄ "ይሸታል ወይ?" ነው። እኔ የምለው፣ ቢሸትም ባይሸትም ማጽጃ ማማ የግድ ነው። ለምን? ጋዙን ፈሳሽ ለማድረግ እስከ 162 ዲግሪ ከዜሮ በታች ማቀዝቀዝ ያስፈልጋል። እንዲያ ሲሆን 600 ጊዜ ያህል ይጠብና በቦቴ ይጫናል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ግን ከዜሮ በታች 78 ዲግሪ ላይ ደረቅ በረዶ ሊሆን የሚችል ነገር ነው። ማቀዝቀዣው ውስጥ ከገባ እዚያው ጠጥሮ ቧንቧውን ይደፍናል። ስለዚህ ጋዙ ከመቀዝቀዙ በፊት ከአንድ ሚሊዮን እጅ 50 እጅ ብቻ እስኪቀር ድረስ ይጠረጋል። በተራ ቧንቧ ለሚሄድ ጋዝ ከ100 እጅ 2 ወይም 3 እጅ ቢቀር ግድ የለም። ለፈሳሽ ግን አይሆንም። ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ደግሞ በየትኛውም መንገድ ይሂድ አይማሩትም። አሜሪካ ውስጥ ቧንቧ ላይ የሚፈቀደው ከሚሊዮን 4 እጅ ገደማ ነው።

ታዲያ የተጠረገው ካርቦን ዳይኦክሳይድ የት ይሄዳል? ብዙ ቦታ መልሱ አጭር ነው፦ ወደ ሰማይ። ኖርዌይ ውስጥ ግን ሌላ ነገር ሆነ። ስላይፕነር የሚባለው የባሕር ላይ መስክ ጋዝ ከ100 እጅ 9 እጅ ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አለው። ገዢዎቹ ከ2.5 በላይ አንቀበልም አሉ። መንግሥት ደግሞ በካርቦን ላይ ግብር ጥሏል። ኩባንያው ሂሳቡን ሠራና፣ ግብሩን ከምከፍል መልሼ ልቅበረው አለ። እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ በዓመት አንድ ሚሊዮን ቶን ገደማ ከባሕሩ ወለል በታች ወደሚገኝ አሸዋማ ድንጋይ ሲቀብር ቆይቷል። ኩባንያውን መንፈስ ቅዱስ አልነካውም፤ ግብሩ ነው የነካው።

ለእኛ ሌላ መንገድ አለ፤ ይሄኛው ደግሞ ይበልጥ ያጓጓኛል። ነሐሴ 22 ቀን 2017 ዓ.ም. ከናይጄሪያዊው ባለሀብት ዳንጎቴ ኩባንያ ጋር የ2.5 ቢሊዮን ዶላር ስምምነት ተፈርሟል። ጎዴ ላይ በዓመት 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ ማምረት ነው ሐሳቡ። ዩሪያ ከምን ይሠራል? ከአሞኒያና ከካርቦን ዳይኦክሳይድ። አሞኒያ ለመሥራት ሃይድሮጅን ያስፈልጋል፣ ሃይድሮጅኑ ከጋዙ ይወጣል። ሲወጣ ካርቦኑ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ይቀራል። እሱን እዚያው በአሚን ወይም በሌላ ማጠቢያ ይለዩትና ከአሞኒያው ጋር መልሰው ያጋቡታል። ነጭ ፍሬ ሆኖ ይወጣል። እዚህ ሱሉልታ ገበሬው በኩንታል ከሚገዛው ዩሪያ ውስጥ ግማሹ ታሪኩ ይሄ ነው። የጋዝ ፋብሪካው ቆሻሻ የሚለውን የዩሪያ ፋብሪካው ጥሬ ዕቃ ይለዋል።

ድኙም እንደዚሁ ነው። ይሄ ነገር ብዙ ሰው አያውቀውም፣ እና ትንሽ ልቆይበት። ከአሚን የተራገፈውን ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ዝም ብለህ ብታቃጥለው ሌላ መርዝ ይሆናል፤ ዝናብ ላይ ሲደርስ አሲድ ሆኖ ይወርዳል። ስለዚህ ክላውስ የሚባለው ዘዴ ይገባል። ካርል ፍሪድሪክ ክላውስ እንግሊዝ ይኖር የነበረ ጀርመናዊ ኬሚስት ነው። የፈጠራ መብቱን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1883 ነው። ዛሬ ዘዴው የሚሠራው እንዲህ ነው፦ ከሃይድሮጅን ሰልፋይዱ ሢሶውን አቃጥል። የተቃጠለው ካልተቃጠለው ጋር ሲገናኝ ሁለቱም ይፈርሳሉ። የሚቀረው ውሃና ድኝ ነው። በቃ! ቢጫ፣ ቀልጦ እንደ ማር የሚፈስ ድኝ። መጽሐፍ ቅዱስ ላይ ሰዶምና ገሞራ ላይ የዘነበው ማለት ነው፤ እዚህ ግን በርሜል ውስጥ ይገባል። ጥሩ ፋብሪካ ከድኙ ከ95 እጅ በላይ እንዲህ ይሰበስባል። ሳይያዝ የቀረውን ጋዝ የሚያጸዳ ሌላ ክፍል ሲጨመርለት 99 ያልፋል።

ዛሬ ዓለም ላይ የሚሸጠው ድኝ በብዛት የሚመጣው ከማዕድን ቁፋሮ እንዳይመስላችሁ፤ ከነዳጅና ከጋዝ ማጽጃ ነው። ሄዶ ሄዶ ሰልፈሪክ አሲድ ይሆናል። አሲዱ በአብዛኛው ማዳበሪያ መሥሪያ ነው። ገበሬው ድሮ ዳፕ ይገዛ ነበር፣ በኋላ ኤን ፒ ኤስ መጣለት። ኤስ ማለት ድኝ ነው። የአፈር ጥናቱ መሬታችን ድኝ ጎድሎታል ስላለ ነው የተጨመረው። እንግዲህ አስቡት። የጋሼን ምድጃ የበላው ነገር፣ ከግቢያቸው አጥር ባሻገር ያለው ማሳ ላይ በብር ተገዝቶ ይበተናል።

ነዳጅ ማጣሪያም ያው ነው። ድፍድፍ ነዳጅ ውስጥ ድኝ አለ። ከናፍጣው ካልወጣ ከመኪናው ጭስ ማውጫ ይወጣል። ማጣሪያው ናፍጣውን ከሃይድሮጅን ጋር ያሞቀዋል፤ ድኙ ሃይድሮጅኑን ይዞ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ይሆናል። ከዚያ ያው አሚን፣ ያው ክላውስ። እኛ አሰብ ላይ ማጣሪያ ነበረን፤ እ.ኤ.አ. በ1967 ሥራ ጀምሮ በ1997 ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ ተጣርቶ ያለቀ ነዳጅ በጅቡቲ በኩል ስናስገባ ኖረናል። ስለዚህ የሽታው ጣጣ የሌላ አገር ሰው ጣጣ ነበር። ጎዴ ላይ ማጣሪያ ሊሠራ ታቅዷል። ከተሠራ ጣጣው ከነቢጫ ክምሩ ወደ እኛ ይመጣል። እኔ ይምጣ ባይ ነኝ። ግን ምረቃ ላይ ስለ ቶኑ ብቻ ሲወራ ጆሮዬን ይቆረቁረኛል። ስንት እጅ ድኝ ይሰበሰባል? የቀረው በየትኛው ጭስ ማውጫ ይወጣል? ሠራተኛው ደረቱ ላይ የጋዝ ማንቂያ ያደርጋል ወይስ አፍንጫውን ይመናል? የነፋሱ አቅጣጫ ወደ ማን ሠፈር ነው? ጋዜጠኛ ወንድሞቼና እህቶቼ እነዚህን ቢጠይቁልኝ ደስ ይለኛል።

አንድ ነገር ላንሳና ወደ ጓሮው ልመለስ። ይህ ሁሉ ድካም ሽታውን ለማጥፋት ነው አይደል? ጋዙ ቤት ከመግባቱ በፊት ግን ሰዎች መልሰው ሽታ ይጨምሩበታል! ቡታጋዝ ሲያፈስ የሚሸተው የራሱ ሽታ አይደለም። ሆን ተብሎ በጠብታ የተጨመረ የድኝ ዘር ነው። ቴክሳስ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1937 ሽታ የሌለው ጋዝ ትምህርት ቤት ምድር ቤት ውስጥ ተጠራቅሞ ፈነዳና ወደ 300 የሚጠጋ ሰው፣ አብዛኛው ሕፃን፣ አለቀ። ከዚያ ወዲህ ነው ደንብ የሆነው።

ለጋሼ አሚን ልግዛልዎት ማለት አልችልም። ስድስት ላም ላለው ሰው ሁለት ማማ አይተከልም። ለትንሽ ጋዝ ግን ከአሚንም በፊት የነበረ ዘዴ አለ፦ ዝገት። የዛገ ብረት ሃይድሮጅን ሰልፋይድን ሲያገኝ ድኙን ይይዝና ይጠቁራል። ድሮ የከተማ ጋዝ በአውሮፓ የሚጸዳው የዛገ ብረት ብናኝ ከእንጨት ፍቅፋቂ ጋር ተደባልቆ በተሞላ ሣጥን ውስጥ እያለፈ ነበር። ዛሬም ትናንሽ ቦታዎች ላይ ይሠራበታል። የምድጃውን ብረት የሚበላውን ነገር ሌላ ብረት አስቀድሞ እንዲበላው መስጠት ነው። ለውሻው አጥንት ወርውሮ እንደማለፍ።

አገራችን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2009 የተጀመረው ብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም "ስንዱ" የሚባል የጉድጓድ ዓይነት አስፋፍቷል። ከኔፓል የመጣ ነው፣ እዚህ ተስተካክሎ። ጉድጓዱ ጎበዝ ነው። በመጀመሪያው ዙር 14,000 ቤት ለማድረስ ታቅዶ ነበር። እኔ ያየኋቸው ጉድጓዶች ላይ ግን፣ የጋሼን ጨምሮ፣ ከጉድጓዱ እስከ ምድጃው መሐል ማጣሪያ የሚባል ነገር የለም። አንድ ክንድ የማትሞላ ዕቃ እኮ ናት።

ቅዳሜ ዕለት አብረን ሠራናት። ወፍራም የፕላስቲክ ቧንቧ ቁራጭ፣ ግራና ቀኝ ክዳን፣ ሁለት የጎማ ማያያዣ። ውስጡን በድስት መፈተጊያ ሽቦ ሞላነው። ሽቦውን ቀድመን ጨው ውሃ ነክረን ሦስት ቀን ውጭ አሳድረነው ነበር፣ ቀይ ብርቱካን እስኪመስል እስኪዝግ። የጋሼ ባለቤት "ሰው አዲስ ሽቦ ገዝቶ ያዝጋል?" ብለው ታዘቡን። ዋናውን መክፈቻ ዘግተን፣ በርና መስኮት ከፍተን፣ ክብሪት ከአካባቢው አርቀን ገጠምነው። መጋጠሚያውን በሳሙና አረፋ ቀባነው፤ አንዱ ጋ ተነፋ፣ አጠበቅነው።

በአሥረኛው ቀን ስከፍተው ከጉድጓዱ በኩል ያለው ግማሽ ከሰል መስሏል። በምድጃው በኩል ያለው ገና ቀይ ነው። ሻዩ ሲፈላ ሽታው የለም ማለት አልችልም፤ ግን ዓይን አያቃጥልም። ጋሼ አዲስ ራስ ገዝተው የገጠሙት ምድጃ ላይ ጎንበስ ብለው አሸተቱ፣ አሸተቱና "እህም" አሉ።

የጠቆረውን ሽቦ አውጥተን ስሱ አድርገን ቆርቆሮ ላይ አሰጣነው። አየር ሲያገኝ መልሶ ይቀላል፣ ድኙን ላዩ ላይ ትቶ። እንደ አሚኑ ሁለተኛ ይሠራል፤ ለዘላለም ግን አይደለም። ሲቀላ ደግሞ ይሞቃል። ተከምሮ ከተቀመጠ ራሱን በራሱ ሊያቀጣጥል ይችላል። ስለዚህ ከድርቆሹ ክምር አርቀን፣ ድንጋይ ላይ፣ ትንሽ ውሃ አርከፍክፈንበት ነው የተውነው። የጋሼ የልጅ ልጅ መዳፉን አስጠግቶ "አባባ፣ ይሞቃል!" አለ።

"አትንካው" አሉት ጋሼ። "እየተነፈሰ ነው።"